አራት ልጅ፣ አራት ቁጥር

«አዙረው» አለች እህቱ። «ጀርባውን አሳየኝ።»

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። መካኒኩ በካናቴራና በቁምጣ የሆቴሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የባንክ ካርዱን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የውሃ ማፍያውን ተደግፎ ለቆመው ስልክ ያሳያል። ስልኩ ውስጥ ሦስት ፊት ተደርድሯል፤ ፀጉር ሠሪዋ እህቱ፣ ጨርቅ ነጋዴው ወንድሙና የሁሉም ታናሽ የሆነው የሒሳብ አስተማሪ። ሥራ ከመግባታቸው በፊት እህታቸው ፀጉር ቤት ተሰብስበው፣ ካርዱ በሰው አገር ደህና ማደሩን በዓይናቸው ማየት አለባቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ልክ እንደ ኪኒን። «ያ መስመር ምንድን ነው? ትናንት አልነበረም» አለ ነጋዴው ፊቱን ስልኩ ላይ ለጥፎ። «ፀጉር ነው» አለ መካኒኩና በአውራ ጣቱ ጠረገው። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ፀጉሩ ሲነሳ ተመለከቱ። በሌላኛው አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተጋደመችው እናታቸው የተኛች መስላ ታዳምጣለች። የመጡት ለእሷ ዓይን ነው። ከመጡ አራት ቀናቸው ሲሆን ስለ ካርዱ ጤንነት አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናትየው ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም ካለፈው ዓመት ወዲህ ጭጋግ ለብሶ ልጆቿን በድምፃቸው መለየት ጀምራለች። አገር ቤት ያሉ ሐኪሞች «ይሄ ውጭ ነው የሚሠራው፤ ከዘገየ ግን እዚያም አይሠራም» አሉ። ልጆቹ ተማክረው የግቢውን ግማሽ ሸጡ። ከመሸጡ ይልቅ የከበደው ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነበር። በእጅ ይዞ መውጣት የሚፈቀደው ዶላር ጥቂት ስለሆነ የቀረው ካርድ ላይ ይጫናል፤ ካርዱ ደግሞ የሚስጥር ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ያወቀ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። የአባታቸው መቃብር ማሠሪያ ገንዘብ የት እንደገባ አራቱም ያውቃሉ፤ ችግሩ አራቱም የሚያውቁት ሌባ የተለያየ መሆኑ ነው። መላውን ያመጣው አስተማሪው ነው። ቁጥሩ አራት ነው፣ እኛም አራት ነን፣ አንድ አንድ እንያዝ አለ። ሦስታችን ብናድም እንኳ የአራተኛውን ለማግኘት እስከ አሥር ጊዜ መሞከር ይጠይቃል፣ ማሽኑ የሚታገሠው ግን ሦስት ስህተት ብቻ ነው፣ ከዚያ ካርዱ ይቆለፋል ብሎ በወረቀት ላይ አሳያቸው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ እኔም አላየሁም ነበር። ባንኩ ደጃፍ ካለው ማሽን ፊት እናትየውን አግዳሚ ላይ አስቀምጠው፣ አራቱ በዕድሜያቸው ተሰልፈው፣ አንዱ ሲጫን ሦስቱ ጀርባቸውን እየሰጡ፣ «ቶሎ በል፣ ጊዜው ያልቃል!» እየተባባሉ ሞሉት። ማሽኑ ቁጥሩ ይደገም ስላለ ሰልፉም ተደገመ። የጥበቃው ሠራተኛ ዘረፋ መስሎት ዱላውን ጨብጦ መጥቶ ነበር፤ ሲያስረዱት ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስኪበቃው ሳቀ። ካርዱ ለመካኒኩ ተሰጠ። ታምኖ አይደለም፣ ከአራቱ ፓስፖርት የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እናትና ልጅ ለበሱ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤቱን ሕንጻ የማቀዝቀዣ ሳጥኖች ጀርባ ነው፤ በሁለቱ አልጋዎች መካከል አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፈው። ትንሿ ፍሪጅ ላይ የዕቃዎቹ ዋጋ ተለጥፏል። መካኒኩ በመጣ ዕለት የአንዲት ጠርሙስ ውሃ ዋጋ ወደ ራሱ ገንዘብ መንዝሮ ካየ ወዲህ ፍሪጁን ነክቶት አያውቅም፤ ፅዳት ሠራተኛዋ እንኳ ስትከፍተው «እኔ አይደለሁም» እያለ በምልክት ይነግራታል። ተንበርክኮ የእናቱን ጫማ አሰረላት። «ዛሬ ነው?» አለችው። «ዛሬ ነው እማዬ።» ሌላ አልተነጋገሩም። ሃያ ዓመት መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው ነውና ፊት ለፊት ማውራት አልለመደም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ አታስቸግረውም።

የታክሲው ሾፌር ዶላር አልቀበልም አለ። መካኒኩ መንገድ ላይ አስቁሞት፣ እናቱን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ ወደ አንድ የምንዛሪ መስኮት ሮጠ። መንዛሪው መቶ ዶላሩን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ ገልብጦ፣ አሽትቶ ማለት ይቀላል፣ መለሰለት። ኖቱ ላይ ያለው ሰውዬ ግንባር ላይ የብዕር ነጥብ አለ። መካኒኩ ነጥቧን በምራቅ ሲያሻት ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ጠባሳ ሆነች። ሁለተኛውን መቶ ከካልሲው አውጥቶ ሰጠ፤ ይህኛው እርጥበት አለው ተብሎ ዝቅ ባለ ዋጋ ተመነዘረ። ሲመለስ የታክሲው ቆጣሪ ከመንገዱ ይልቅ በመቆሙ ብዙ ቆጥሯል። «ተጣላችሁ እንዴ?» አለች እናቱ። «አይ፣ ገንዘባችን ንጹሕ አይደለም ብሎኝ ነው።» «እውነቱን ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ባታይበትም መስኮት መስኮት ነው።

ክሊኒኩ ነጭና ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ የሰው ጥላ ያሳያል። ገንዘብ ተቀባይዋ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣለች፤ ጥፍሯ አጭር፣ ጠባይዋ መልካም፣ እንግሊዝኛዋ ከመካኒኩ የተሻለች ሴት ናት። ሒሳቡ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ሆኖ በአገሩ ገንዘብ ሲመነዘር ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወጣ ደርሷል። ከአምስት ሰዓት በፊት ካልተከፈለ የቀዶ ጥገናው ተራ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ዶክተሩ የሚመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው አለችው። የእነሱ ቪዛ የሚያልቀው በአራት ቀን ውስጥ ነው። መካኒኩ ሰዓቱን አየ፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ። ተረጋግቶ ካርዱን በመስታወቱ ቀዳዳ አሳለፈና ስልኩን ደወለ፤ ዕቅዱ አገር ቤት እያለ ያለቀ ነው። ሦስቱ በስልክ፣ እሱ በአካል፣ ቁጥራቸውን በየተራ ለገንዘብ ተቀባይዋ ይነግሯታል፣ እሷ ትጫናለች። የማታውቃቸው ባዕድ ስለሆነች ከሁሉም በላይ የምትታመን እሷ ናት።

ገንዘብ ተቀባይዋ ነገሩን ስትረዳ ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። የሰው የሚስጥር ቁጥር መስማት ከሥራ ያስባርራል። «አትንገሩኝ! እባካችሁ አትንገሩኝ!» አለች፤ እህቱ በስልክ «ሀሎ? ሀሎ? የኔ ቁጥር» ስትል ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። ከዚያ በኋላ የሆነው ውሃ ወቀጣ ነው። ነጋዴው ጉቦ ስጣት አለ። አስተማሪው ወረቀት ላይ ጻፍና ስትጫን ቅደደው አለ፤ «ማን ነው የሚጽፈው?» አለችው እህቱ። መካኒኩ በመጨረሻ ላብ እየጠረገ «ለእኔ ንገሩኝና ይለቅ፤ እናታችን እኮ ናት» አለ። «አንተ አራቱንም ካወቅህማ» አለች እህቱ ቀስ ብላ፣ «ምን ቀረ ጋሼ?» የተረፈው ገንዘብ እንደተመለሱ ለአራት ስለሚካፈል ምን እንደሚቀር ሁሉም ያውቁታል። ሰዓቱ አራት ከሩብ ሆነ። ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቷል፤ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ለእኔ ንገሩኝ» አለች እናታቸው ከተቀመጠችበት።

ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ አንቺ እኮ አታይም።» «መስማት አላቃተኝም» አለች። ተመካከሩ፤ ስልኩን ለአምስት ደቂቃ ዘግተው ተመካከሩ፤ የመጨረሻው ውሳኔ እማዬ ትስማ፣ እማዬ ራሷ ትጫን የሚል ሆነ። መካኒኩ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጎ አሥር እርምጃ ራቀ። አገር ቤት አንዱ ሲያንሾካሽክ ሁለቱ አስፋልት ዳር ይወጣሉ፤ ፀጉር ማድረቂያው ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች አንዲት ደንበኛ ትሰማለች አትሰማም በሚለው ሦስት ደቂቃ ጠፋ። የእናትየው ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ የመካኒኩ ተራ ደረሰና ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ አፉን በመዳፉ ከልሎ ከአራቱ መጀመሪያ የምትጫነዋን የራሱን ቁጥር በጆሮዋ ነገራት። ከልጅነቱ ወዲህ ፊቱን ወደዚህ ጆሮ አስጠግቶት አያውቅም። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አንድ ሌላ ነገር ሊላት ፈልጎ ምን እንደሆነ ጠፋበትና ቀና አለ።

የክሊኒኩ የካርድ መክፈያ ማሽን መስታወት ነው። ፊቱ ለስላሳ፣ ቁልፍ የሚባል የለውም፤ ቁጥሮቹ የሚታዩት ለሚያይ ብቻ ነው። መካኒኩ ጀርባውን ሰጥቶ «ላይኛው ረድፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው እማዬ» እያለ ከሩቅ ያስረዳል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሰልፈኛው ሁሉ፣ ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። በዚያ ሁሉ ዓይነ ስውር መካከል አንዲት የማታይ ሴት ብቻዋን ትዳስሳለች። ማሽኑ ጮኸ፤ ስህተት። ሁለተኛ ሞከረች፤ ጣቷ ተንሸራተተ፤ ስህተት። አንድ ቀረ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የእናቱን ጣት ይጠብቃል። «የድሮ ማሽን የላችሁም?» አለች እናቱ በራሷ ቋንቋ፤ «ቁልፍ ያለው፣ እንደ ስልኬ።» እሱ በምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳ። ገንዘብ ተቀባይዋ መሳቢያ ስትከፍት ስትዘጋ ቆይታ፣ አቧራ የለበሰ፣ ጎማ ቁልፍ ያለው ማሽን አወጣች፤ ሙቀት እስኪገባው ሌላ ስድስት ደቂቃ ሄደ። እናትየው አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን እብጠት በጣቷ አገኘች፤ አሮጌ ስልኳን በዚችው እብጠት ነው ለዓመታት ስትደውልበት የኖረችው። አራት ጊዜ ተጫነች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ወረቀት መትፋት ጀመረ። ለአምስት ሰዓት ስምንት ጉዳይ ነበር። ሰልፈኛው ወደ ግድግዳው እንደዞረ አጨበጨበ።

ደስታው አሥር ደቂቃ ቆየ። አንዲት ነርስ እናትየውን አረንጓዴ ጋውን አልብሳ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዳስቀመጠቻት ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ እህቱ ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ጋሼ፣ አሁን እኮ እማዬ አራቱንም ታውቃለች።» «እና?» «ማደንዘዣ ይሰጧታል?» «ግማሽ እንቅልፍ ነው አሉኝ።» «አንዷ ደንበኛዬ ማደንዘዣ ወስዳ፣ ወርቋን የት እንደቀበረች በአማቷ ፊት ለፍልፋለች። ስትነቃ ወርቁም አማቷም የሉም።» ነጋዴው ከኋላዋ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» እያለ ያዳምቃል። ውሳኔያቸው አጭር ነበር፤ እማዬ ሙሉ በሙሉ እስክትነቃ መካኒኩ አጠገቧ አይደርስም፤ ኮሪደሩ ዳር ይቆማል፤ መቆሙን እንዲያዩ ስልኩ ተከፍቶ መስኮት ላይ ይቀመጣል። መካኒኩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን እምቢ ካለ ቁጥሩን ፈልጎ ነው ይባላል፤ ይህ ከተባለ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይነሳም፤ እንደ አባታቸው መቃብር። አፉን መልሶ ዘጋው። «ስነቃ አጠገቤ ነህ አይደል?» አለችው እናቱ እጇን ወደ ድምፁ ዘርግታ። «እዚሁ ደጅ ነኝ እማዬ» አላት። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየችና ጭኗ ላይ ተመለሰች። «እሺ» አለች። ነርሷ እየገፋች ወሰደቻት።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመ። ስልኩ መስኮቱ ላይ ሆኖ ያየዋል። አንዴ ሽንት ቤት ሊሄድ ሲል «ወዴት ነው?» ተባለና ስልኩን ይዞ ሄደ። እግሩን ሲያዛውር፣ ሲያዛጋ፣ አፍንጫውን ሲነካ ሦስቱ ያዩታል፤ እህቱ በመሃሉ የሰው ፀጉር ትጠቀልላለች። መካኒኩ እናቱ ስትነቃ እጇ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሚሆን ማሰብ ፈርቶ የወለሉን ሸክላ ቆጠረ። ሲጨርስ እንደገና ቆጠረ።

ነርሷ ብቅ አለች። ቀዶ ጥገናው በደህና አልቋል፤ ፋሻው ነገ ይፈታል፤ ታማሚዋ ግን እየነቃች ስለሆነ ሰው ትፈልጋለችና ግባ አለችው። «አትግባ!» አለ ነጋዴው ከመስኮቱ ላይ። «ትንሽ እንድትተኛ ንገራቸው።» «ከገባህ» አለ አስተማሪው፣ እሱ ሁልጊዜ መላ አያጣም፣ «ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ክተት።» መካኒኩ ነርሷን ጥጥ ለመናት። ምን ሊያደርገው እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰጠችው። የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሁለት ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ፣ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ እናቱ ገባ።

ነጭ አንሶላ ውስጥ ከመቼውም ያነሰች መሰለችው። ዓይኗ ታስሯል፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። አጎንብሶ አየው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። ሳያስበው የአንዱን ጆሮ ጥጥ ነቀለ። «አሥራ ሁለት» ትላለች እናቱ፣ «አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት...» ማደንዘዣ ሰጪው ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ ከአንድ ጀምሪና ቁጠሪ ብሏት ኖሮ፣ ታዛዥ ሴት ናትና አላቋረጠችም። «ቀስ ትበል!» አለ ነጋዴው ከስልኩ ውስጥ፣ «የመጀመሪያዎቹን አልሰማሁም!» የወረቀት ድምፅም ተሰማ፤ አንዱ እየጻፈ ነው። መካኒኩ ሊስቅ ነበር። ግን ያን ጊዜ የራሱም ጆሮ ከቁጥሮቹ መሃል እውነተኞቹን ሲለቅም ያዘው። የእናቱን ድምፅ ሳይሆን ቁጥር እያዳመጠ ነበር። እፍረት ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። ሁለተኛውንም ጥጥ አወጣና ወለሉ ላይ ጣለው።

«እማዬ።»

መቁጠሯን አቆመች። እጇ አንሶላውን እየዳበሰች መጥታ ክንዱን አገኘች። «የትኛው ነህ?»

«ታላቁ ነኝ።»

«ልጄ» አለች፤ ምላሷ ገና ከባድ ነው፤ ጣቷ ክንዱ ላይ ጠበቀ። «አትቆጡኝ። ቁጥሩን ረሳሁት።»

ከዚያ ሁሉ እንቅልፍ ነቅታ መጀመሪያ ያሰበችው ዓይኗን አይደለም፤ ልጆቿን ፈርታ ይቅርታ ነው የጠየቀችው። የመካኒኩ እንባ ቀድሞት ወረደ፤ እንኳንም ዓይኗ ታሰረ አለ በልቡ። «ምን አለች?» ጮኸች እህቱ። «ጋሼ፣ ምን አለች?»

«ረሳሁት አለች» አለ መካኒኩ። «አንዱንም አታስታውሰውም።»

«ተመስገን!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ። ስልኩ ውስጥ የተያዘ ትንፋሽ ሲለቀቅ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ነጋዴው በእፎይታ ሲስቅ ይሰማል። መካኒኩ ስልኩን ዘጋው።

በእናቱ ከንፈር ላይ ፈገግታ መጣ፤ ከፋሻው ሥር ጉንጯ ሁሉ ተነሳ። «እነሱ ናቸው አይደል? መንቃቴን ሰምተው ነው ተመስገን ያሉት?» አለች። «ውይ ልጆቼ። እስከ አሁን ሲጨነቁ ነው የዋሉት።»

መካኒኩ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«አዎ እማዬ» አላት። «ሲጨነቁ ነው የዋሉት።»